አንድ ስም፣ ብዙ ቤተሰብ

የዘር ሐረጉን የሚቆጥር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ይነሣና ወደ አባቱ፣ ወደ አያቱ፣ ወደ ቅድመ አያቱ እያለ ይወጣል። እንግሊዞች ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድም አላቸው፤ «የአንድ ስም ጥናት» ይሉታል። አጥኚው አንድ የቤተሰብ ስም ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ያን ስም የያዘን ሰው ሁሉ፣ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ከየአገሩና ከየዘመኑ መዝገብ ይለቅማል።

ይህን ሥራ የሚያስተባብረው የአንድ ስም ጥናቶች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 በእንግሊዝ ነው። አባሉ የሚያጠናውን ስም ያስመዘግባል፤ ሁለት ግዴታም ይገባል። አንደኛው፣ ስሙን በራሱ ቤተሰብ ወይም በአንድ አውራጃ ሳይወስን ከመላው ዓለም መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው፣ ስለዚያ ስም ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ መስጠት ነው።

እንግሊዝ ለዚህ ዓይነት ጥናት የተመቸች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። ከጁላይ 1837 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ መስፈር ጀመሩ። በየዐሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ አለ። የ1851ዱ ቆጠራ የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ፣ ሥራ፣ የትውልድ ቦታና ከቤቱ አባወራ ጋር ያለውን ዝምድና ይነግረናል። ኑዛዜው፣ የጦር ሠራዊት መዝገቡና የመቃብር ድንጋዩ ሲጨመሩ ሀብቱ ብዙ ነው።

ቀዳዳም አለው። የ1931 ቆጠራ ሰነድ በ1942 በእሳት ጋየ፤ በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ ከ1921 እስከ 1951 ባለው ጊዜ ውስጥ የኖረን ሰው የሚፈልግ አጥኚ ዋና መጠጊያው በ1939 ለመታወቂያ ተብሎ የተዘጋጀው መዝገብ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የስሙ አጻጻፍ ነው። ቄሱም ሆነ ቆጣሪው የጻፈው ጆሮው እንደሰማው ነውና አንድ ቤተሰብ በሦስት መዝገብ ሦስት ዓይነት ፊደል ይዞ ይገኛል። ለዚህ መላ የዘየደው ሮበርት ራስል የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1918 የባለቤትነት መብት ያገኘበት «ሳውንዴክስ» የተሰኘው ዘዴ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ይይዝና ተከታዮቹን ተነባቢ ድምፆች ወደ ሦስት አኃዝ ይለውጣል። ስሚዝም፣ በሌላ ፊደል የተጻፈው ስማይዝም፣ የጀርመኑ ሽሚትም በአንድ ቁጥር ሥር ይሰበሰባሉ።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማን የማን ልጅ ነው? በ1851 ቆጠራ የ30 ዓመት አናጺ የሆነ ጆን ተገኘ እንበል። በዚያው አጥቢያ በ1821 የተጠመቀ ጆን አለ። የቸኮለ አጥኚ ሁለቱን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ጠንቃቃው ግን መጀመሪያ የቀብር መዝገቡን ይገልጣል፤ ምናልባት የተጠመቀው ሕፃን በሁለት ዓመቱ ሞቶ ይሆናል። የሚስት ስም፣ የምስክሮች ፊርማና የሙያ ዓይነት እየተመሳከሩ ነው አንድ ሰው ከአንድ ቤተሰብ ጋር የሚገጠመው።

ሳይንስም ገብቶበታል። በአባት በኩል የሚወረሰው ዋይ ክሮሞሶም እንደ ቤተሰብ ስሙ ሁሉ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይሄዳል። የኦክስፎርዱ የዘር ውርስ ሊቅ ብራያን ሳይክስ በ2000 ባሳተመው ጥናት የራሱን ስም የሚጋሩ 48 ወንዶችን መርምሮ ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት የክሮሞሶም መለያ እንዳላቸው አገኘ። እንደ ስሚዝ ያለ በየመንደሩ ከአንጥረኛ ሙያ የወጣ ስም ግን ብዙ መነሻ ስላለው ስሙን መጋራት ለዝምድና ማስረጃ አይሆንም። ስም ሰዎችን በአንድ ዝርዝር ያሰባስባል እንጂ ዝምድናቸውን አያረጋግጥም፤ ይህን የሚያደርገው መዝገብ ነው።

ለእኛ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ልማዱ አልተለወጠም፤ ዛሬም ከስማችን ቀጥሎ የሚጠራው የአባታችን ስም ነው። አሜሪካ የገባ ሐበሻ ግን የአባቱ ወይም የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገብለታል፤ ልጆቹም ያንኑ ይወርሳሉ። ዌልሶችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። በአባት ስም ይጠሩ የነበሩት ሰዎች ስማቸው እየረጋ ሄዶ ጆንስና ዴቪስ የሚባሉ እርስ በርስ የማይዛመዱ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ተፈጠሩ። በዋሽንግተን አካባቢ «ተስፋዬ» የሚለውን ስም ነገ የሚያጠና ሰውም የሚያገኘው ይህንኑ ነው። አጻጻፉም ያስቸግረዋል፤ «ቀለሙ» በላቲን ፊደል አንዴ በ«ኬ» አንዴ በ«ኪው» ስለሚጀምር በሳውንዴክስ እንኳ አይገናኝም።

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የያዙት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌ በቤትዎ ካሉ ዛሬውኑ ደብተር ይዘው ይቀመጡ። የወንዶቹን ስም ብቻ ደርድረው አይነሡ፤ የእናቶቹን ስም፣ አጥቢያውን፣ ወረዳውንና በግምትም ቢሆን ዘመኑን ይጻፉ። የልጅ ልጅዎ አንዱን ተስፋዬ ከሌላው የሚለየው በእነዚህ ነው።