ዘጠኙ ጥርሶች የማን ወገን ናቸው?

ከሐይቅና ከአምባሰል የመጣን ተማሪዎች ጦጣን ከዝንጀሮ መለየት የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ማሽላ ስንጠብቅ ነው። ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የዋለ ልጅ ፊቱን፥ ጭራውንና አካሄዱን ከሩቅ አይቶ «ዝንጀሮ መጣ!» ይላል። ታዲያ ፊትም ጭራም ጠፍቶ ጥርስ ብቻ ቢቀርስ በምን ይለያል? ከምድር የጠፉ እንስሳትን በየወገናቸው የሚመድቡ ሊቃውንት ችግር ይኸው ነው።

ችግሩ ቀላል እንዳይመስለን፤ ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ኩቪዬ እ.ኤ.አ. በ1821 አዳፒስ ብሎ የሰየመውን የጥንት እንስሳ ከባለ ሰኮናዎች ጋር መድቦት ነበር። ዛሬ አዳፒስ የሚቆጠረው ሰውንና ዝንጀሮን በሚያጠቃልለው በፕራይሜት ክፍል ውስጥ፥ ለማዳጋስካሩ ሌሙር ከሚቀርቡት ዘንድ ነው።

በአገራችን የተገኘው ጉዳይ ደግሞ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በአፋር ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ጠርዝ፥ በጮሮራ፥ ደንጊያ የሆኑ ዘጠኝ ጥርሶች ተገኙ፤ አንዱ ክራንቻ፥ ስምንቱ መንጋጋ ናቸው። ገን ሱዋ፥ ብርሃኔ አስፋው፥ ዮናስ በየነና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባለጥርሱን «ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ» ብለው ሰየሙት። መንጋጋዎቹን በራጅ ከውስጥ ቢመረምሩ፥ ጎሪላ ቅጠልና ግንድ የሚቆርጥበትን የመሰለ ስል ጠርዝ አገኙ፤ ስለዚህ የጎሪላ የሥጋ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም አሉ።

ይህ ያልተዋጠላቸው አሉ። ለምን ቢባል፥ ጥርስን የሚቀርጸው ዘር ብቻ ሳይሆን ምግብም ነውና። በሐይቅ እስጢፋኖስ ያሉትን የብራና መጻሕፍት እናስብ። የሁለት ገጾች ጽሕፈት ቢመሳሰል፥ ጸሐፊዎቹ የአንድ መምህር ደቀ መዛሙርት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም ሳይተዋወቁ ብርዓቸውን በአንድ ዓይነት ቀርጸው ይሆናል። ቅጠል መብላትም እንዲሁ የማይዛመዱትን ሊያመሳስል ይችላል። ደግሞም የጮሮራው ጥርስ ሽፋን ከዛሬው ጎሪላ ይልቅ ወፈር ያለ ነው።

ክርክሩ የስም ብቻ አይደለም። ዕድሜው በመጀመሪያ 10 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ነበር፤ ቦታው እንደገና ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 8 ሚሊዮን ወረደ። ያን ጊዜ የጎሪላ ሐረግ ለብቻው ቆሞ ከነበረ፥ ከእኛ ሐረግ የተለየው ከዚያ ቀድሞ ነው ማለት ነው፤ ያውም እዚሁ አፍሪካ ውስጥ። የጋራ ቅድመ አያታችን ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ነው ለሚሉት ሊቃውንት ይህ ብርቱ ተቃውሞ ይሆንባቸዋል። ጥርሶቹ የሌላ ወገን ከሆኑ ግን ተቃውሞው ይላላል።

እኛ ወደ ጎሪላው ወገን እናደላለን። ቢሆንም ከጮሮራ ሌላ ዘጠኝ ጥርስ ከሚመጣልን፥ አንድ የፊት አጥንት ቢገኝ እንመርጣለን።