የሰውን ዕቃ አመስግኖ ዋጋ ስለ መቀበል

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ ሽሮ ሜዳ የሚባለው የሸማ ገበያ መኖሩን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በዚያ ገበያ ከሱቅ ደጅ ቆሞ «እሜቴ፣ ይግቡ፤ ጌታዬ፣ ይመልከቱ» እያለ መንገደኛውን ወደ ባለ ሱቁ የሚያገባ ሰው አይጠፋም። ሱቁ የርሱ አይደለም፤ ሸማውንም እርሱ አልሸመነውም። ነገር ግን ያገባው ሰው ጥሩ ጥለት ያለው ቀሚስ ገዝቶ የወጣ እንደ ሆነ ባለ ሱቁ ከትርፉ ጥቂት ይሰጠዋል። ሥራው የቈየ ነው፤ ነውርም የለበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ እንኳ ሁለት ወገኖችን አገናኝቶ ለሚያዋውል ደላላ ስፍራ ሰጥቶት ነበር። እኛም በፍርድ ቤት መዝገብ በምንጽፍበት ሥራችን የደላላን ዋጋ የሚመለከት ክርክር ብዙ ጊዜ አይተናል።

ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው የዚሁ ሥራ ታናሽ ወንድም ስለ ሆነውና አፊሊየት ስለሚባለው ንግድ ነው። ይህንንም ለመጻፍ ያነሣሣን ሌላ አይደለም፤ በመሥሪያ ቤታችን ያሉ አባቶችና እናቶች «ልጃችን ሌሊቱን ሙሉ ከስልኩ ጋር ያድራል፤ ከባሕር ማዶ ሱቅ ዋጋ አገኛለሁ ይላል፤ ነገሩ እውነት ነውን?» እያሉ ደጋግመው ስለ ጠየቁን ነው።

ነገሩስ እውነት ነው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ሱቅ ይህን አሠራር በ1996 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በዓለም ሁሉ እንዲስፋፋ አደረገው። አንድ ሰው በድረ ገጹ ወይም በቴሌግራሙ ስለ ምግብ፣ ስለ መጽሐፍ ወይም ስለ ልጅ አስተዳደግ ይጽፋል፤ በጽሑፉም መካከል ሊንክ የሚባለውን ወደ ሱቁ የሚያደርስ ምልክት ያኖራል። አንባቢው ያን ምልክት ነክቶ ወደ ሱቁ ገብቶ ዕቃ የገዛ እንደ ሆነ፣ ሱቁ ከሽያጩ ከመቶ ጥቂት እጅ ለጸሐፊው ይከፍላል። ገዢው የሚከፍለው ዋጋ በዚህ ምክንያት አይጨምርበትም። እስከዚህ ድረስ የሽሮ ሜዳው ሰው ከሚሠራው የተለየ ነገር የለም።

ልዩነቱ የሚታየው ሒሳቡ ላይ ሲደረስ ነው። እንበልና አንድ ሺህ ሰዎች ጽሑፉን አነበቡ፤ ከነዚያም መቶው ምልክቱን ነኩ፤ ከመቶውም ሦስቱ ዋጋው 60 ዶላር የሆነ ዕቃ ገዙ። ከመቶ ሦስት እጅ የሚከፈል ቢሆን ለጸሐፊው የሚደርሰው 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። አንድ ሺህ አንባቢ ለማግኘት ደግሞ ስንት ሌሊት መጻፍ እንደሚያስፈልግ የጻፈ ያውቀዋል። እንዲሁም አማዞን ከገባው ዋጋ የሚከፍለው ገዢው ምልክቱን ከነካ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ዕቃውን የገዛ ወይም ለመግዛት በዘንቢሉ ያኖረው እንደ ሆነ ነው። በማግሥቱ አስቦበትና ከባለቤቱ ጋር ተማክሮ ተመልሶ የገዛ እንደ ሆነ ለጸሐፊው ምንም የለውም። እኛ አበሾች ደግሞ ዕቃ ስንገዛ ሳናድርበት የምንገዛ ሕዝብ አይደለንም።

በዚህ አሳብ ውስጥ እያለን የአንዲት የሰፈራችን ልጅ ነገር ገጠመን። ስሟን አንጠራም፤ የሱቁንም ስም እንዲሁ። አባቷ በሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። ልጅቷ የእናቷን ወጥና እንጀራ አሠራር በጥሩ አማርኛ መጻፍ ጀመረች፤ እርሾው እንዴት እንደሚጣል፣ አብሲቱ መቼ እንደሚጨመር፣ ጤፍ በማይገኝበት አገር ምን ከምን ጋር እንደሚደባለቅ። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያነቧት ነበር። እኛም በቤታችን እናነባት ነበር፤ ባለቤታችንም የሽሮ አቀማመሟን ከርሷ ጽሑፍ ተምራለች።

ከዕለታት አንድ ቀን በጽሑፎቿ መካከል የአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ምስጋና አየን። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ኖርዌጃውያን ለፍሳ ለሚሉት የድንች ቂጣ በተሠራው ክብ ምጣድ እንጀራ እንደሚጋግሩ የታወቀ ነው፤ ልጅቷም ስለዚያ ጽፋ ብትሆን ደግ ነበር። እርሷ ያመሰገነችው ግን ሌላ ምጣድ ነው፤ ምክንያቱም የዚያኛው ሱቅ ከመቶ ሦስት እጅ ሲሰጥ የዚህኛው ስምንት እጅ የሚሰጥ ስለ ነበረ ነው። «እንደ እናቴ ምጣድ ዐይኑን ያወጣል» ብላ ጻፈች።

በዋሽንግተን አጠገብ የምትኖር አክስቷ ይህን አንብባ ምጣዱን ገዛች። ልጅቱን ለመርዳት ብላ በዚያው ምልክት ገብታ ገዛች። ምጣዱም መካከሉ ሲያርር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ቀረ። አክስቲቱም ስልክ ደውላ፣

«አንቺ የጋገርሽበት ምጣድ ነው ብዬ ነው የገዛሁት። ለመሆኑ ጋግረሽበታል?» አለቻት።

ልጅቱም «አልጋገርሁበትም፣ አክስቴ» ብላ መለሰች።

ልትጋግርበትም አትችልም ነበር። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ አገር 220 ነው፤ ለዚያ አገር ብቻ የተሠራ ምጣድ በጉለሌ ግድግዳ ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ይህን የሚያስተውል አንባቢ ገና ሲጀመር ይጠይቃት ነበር፤ እኛም ሳንጠይቅ አልፈናል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሱቁ ሒሳቧን መዝጋቱን አስታወቃት። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፣ ውሉ ጸሐፊው ራሱም ሆነ ዘመዱ በዚያ ምልክት ገብቶ እንዳይገዛ የሚከለክል ቃል ነበረበት። ይህ ዐይነቱ ቃል በብዙዎቹ እንደዚህ ባሉ ውሎች ይገኛል። ልጅቷም ውሉን ሳታነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ነክታ አልፋ ነበር። በፍርድ ቤት ሥራችን ሳያነብ የፈረመ ሰው ማየት አዲስ ነገራችን አይደለም፤ ነገር ግን ያ ሰው ቢያንስ ተከሳሹን በአገሩ ዳኛ ፊት ያቆመዋል። ይህች ልጅ ወዴት ትክሰስ? የእንዲህ ያሉ ሱቆች ውል ክርክሩ የሚታየው በሱቁ አገር ሕግና በሱቁ አገር ዳኝነት ነው ይላል። በዘጠኝ ወር የሰበሰበችው 38 ዶላር በዚያው ቀረ። አቤቱታ ብትጽፍም መልሱን የሰጣት መኪና እንጂ ሰው አልነበረም።

በዚህ ላይ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚከፈለውን ገንዘብ በራሷ ስም የምትቀበልበት መንገድ ስላላገኘች ሒሳቡን ያወጣችው በአጎቷ ልጅ ስም ነበር። ገቢው በርሱ ስም ስለ ተቈጠረ ግብሩም በርሱ ላይ የሚታሰብ ሆነ፤ ስለ 38 ዶላር ተብሎ በሁለት ቤት መካከል የቅሬታ ስልክ ተደወለ። የዘመድ ስም መዋስ በአገራችን እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ በውሉ ዘንድ ግን ባለ መብት የሚባለው ስሙ የተጻፈው ሰው ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ የደረሰው ልጅቷ ስለ ሳተች ነው፤ በትክክል የሠራ ሰው ያገኛል» ይል ይሆናል። ያገኘም አለ፤ አንክድም። ነገር ግን በትክክል የሠራው ሰው ኑሮ እንኳ በባለ ሱቁ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። በ2011 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በካሊፎርኒያ ግዛት አዲስ የሽያጭ ግብር ሕግ ቢወጣ አማዞን በዚያ ግዛት የሚኖሩትን ጸሐፊዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰናበተ፤ የመለሳቸውም ከጥቂት ወራት በኋላ ከግዛቱ ጋር ሲስማማ ነው። በ2020 ሚያዝያ ደግሞ፣ ዓለም ሁሉ በበሽታ ምክንያት ቤቱን ዘግቶ ከሱቁ በሚገዛበት ጊዜ፣ ለቤት ዕቃ ይከፍል የነበረውን ከመቶ 8 ወደ 3፣ ለምግብ ሸቀጥ ይከፍል የነበረውን ከመቶ 5 ወደ 1 ዝቅ አደረገው። ሸማኔ ሸማው ካልተሸጠለት ሸማው በእጁ ይቀራል፤ የእነዚህ ጸሐፊዎች ግን በእጃቸው የሚቀር ነገር የለም። ለአዲስ ገቢም ቢሆን በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ያላስገኘ ሰው ይሰረዛል።

ከዚህም የባሰ አለ፤ እርሱም የድካምን ዋጋ በመንገድ ላይ መቀማት ነው። ሱቁ ዋጋውን የሚከፍለው ገዢውን በመጨረሻ ላመጣው ምልክት ስለ ሆነ፣ በመጨረሻው ሰዓት ጣልቃ የገባ ሁሉ የሌላውን ድካም ይወስዳል። በሽሮ ሜዳ አንዱ ደላላ ገዢውን ከስድስት ኪሎ ድረስ ይዞ ቢመጣና ሌላው ከሱቁ ደፍ ላይ እጁን ቢይዘው እንደ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በሽሮ ሜዳ ይህን ያደረገ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ የማይሄድ መሆኑ ነው። ፔይፓል የተባለው ድርጅት በ2020 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ሐኒ የሚባል የዋጋ ቅናሽ ፈላጊ መሣሪያ አለ። በ2024 ታኅሣሥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ይህ መሣሪያ ገዢው ሊከፍል ሲል የጸሐፊውን ምልክት አውጥቶ የራሱን ይተካል የሚል ወቀሳ በይፋ ተነሥቶበት፣ ብዙ ጸሐፊዎች በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ወቀሳው እስኪገለጥ ድረስ ብዙዎቹ ገቢያቸው ለምን እንዳነሰ አያውቁም ነበር።

ሱቆቹም ቢሆኑ አልተታለሉም ማለት አይደለም። ለኢቤይ ይሠሩ የነበሩ ሾን ሆጋንና ብራያን ደኒንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምንም ምልክት ሳይነኩ በሚያልፉ ሰዎች መሣሪያ ላይ ኩኪ የሚባለውን መለያ በስውር እያኖሩ፣ በራሳቸው ፈቃድ በሄዱ ገዢዎች ሽያጭ ዋጋ ይቀበሉ ነበር። በ2014 ሆጋን 5 ወር፣ ደኒንግም 15 ወር እስራት ተፈረደባቸው።

በአገራችን የምንፈራው ግን ከዚህ የቀረበውን ነው። ይኸውም ምንም ዕቃ ሳይሸጡ «አፊሊየት እናስተምራለን፤ አስቀድመህ ገንዘብ ክፈል፤ ሌሎች አምስት ሰዎችም አምጣ» የሚሉት ናቸው። ይህ የደላላ ሥራ አይደለም። ደላላ ዋጋ የሚቀበለው ሸማ ስለ ተሸጠ ነው፤ እነዚህ ግን የሚከፍሉት ሰው ስለ መጣ ነው፤ የፊተኛውም የሚበላው ከኋለኛው ኪስ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 የፒራሚድ ሽያጭ ብሎ የከለከለው ይህን ዐይነቱን ነው። አንድ አባት ልጁን ለመፈተን ቢፈልግ «ገዢው ማን ነው? የገዛውስ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ የዕቃ ስም ሳይጠራ የሰው ቍጥር የጠራለት እንደ ሆነ ገንዘቡን ያስቀምጥ።

በእውነተኛው ሥራ ላሉትም ቢሆን ዋጋ መቀበላቸውን ለአንባቢ መሰወር አይገባም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 ባሻሻለው መመሪያ፣ ዋጋ ተቀብሎ ዕቃ የሚያመሰግን ጸሐፊ ይህንኑ በግልጥ እንዲናገር አዟል። በእኛም አገር በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በሽሮ ሜዳ የቆመው ሰው ይህን መናገር አያስፈልገውም፤ ደጅ ላይ መቆሙ ራሱ ይናገራል። በቤታችን ገብታ ሽሮ የምታስተምረን ልጅ ግን እንደ ዘመድ የምናያት ስለ ሆነች፣ አፏን ለማን እንዳከራየች ካልነገረችን አናውቅም።

ባለፈው ሳምንት አባቷን በገበያው አግኝተናቸው ነበር። መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ «ልጄ ተምራለች» አሉን፤ ሌላ አልጨመሩም። እርሷም ከአባቷ ሱቅ ጐረቤት ከሆኑ አንዲት ባለ ሱቅ ጋር ተስማምታለች፤ ጽሑፏን አንብቦ የመጣ ገዢ ስሟን ሲጠራ ሴትዮዋ በደብተር ይጽፉላታል፤ በወር መጨረሻ ቁጭ ብለው ይተሳሰባሉ። ብዙ አይደለም ትላለች፤ ነገር ግን ደብተሩን ገልጣ ታየዋለች። የምታመሰግነውንም ነጠላ ስትሸመን አይታዋለች። ስለ ምጣዱ የጻፈችውን ግን አላጠፋችውም፤ ምልክቱን አንሥታ በራስጌው «በዚህ ምጣድ ጋግሬ አላውቅም፤ ዋጋ አገኝበት ስለ ነበር ጻፍሁ» የሚል ቃል ጨምራበታለች። ከዚያ በኋላ ጥቂት አንባቢዎች ተዉአት፤ የቀሩት አልሄዱም።

አክስቷም ምጣዱን አልጣለችውም፤ በበረንዳዋ ላይ የጤና አዳም ማሰሮ ተቀምጦበታል ሲሉ ሰማን።