የባላገር ልማድ በሕግ ትምህርት ቤት አዳራሽ

ባሏ የሞተባት ሴት ከልቅሶው በኋላ በቤቷ ትኑር ወይስ ትውጣ? ይህ ጥያቄ በየመንደሩ የሚነሣ፥ ዘመድ አዝማድ ተቀምጦ የሚመክርበት የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ መልሱ በጽሑፍ ሰፍሮ ከዳኛ እጅ ከገባ ወዲያ የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው እንዲህ ያለው የባላገር ልማድ በሊቃውንት ፊት ስለ ተመረመረበት አንድ ጉባኤ ነው። ይኸውም በ1963 ዓ.ም. በዳሬሰላም ከተማ የተደረገው የአፍሪቃ የአካባቢ ፍርድ ቤቶችና የልማድ ሕግ ጉባኤ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ጉባኤ የሚለው ቃል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በጉባኤ ቤት መምህሩ መጽሐፉን ይተረጕማል፥ ደቀ መዝሙሩም ይሰማል፥ ይጠይቃል። የዘመኑ የሕግ ጉባኤ ግን አንድ መምህር የለውም፤ ዳኛውም፥ አስተማሪውም፥ ሹሙም ተራ በተራ ይናገራሉ፤ የተናገሩትም ተጽፎ ይታተማል። ምሁራን ሲምፖዚየም የሚሉት የግሪክ ቃልም በመነሻው አብሮ መጠጣት ማለት ነበር፤ ዛሬ ከመጠጡ ይልቅ ክርክሩ ቀርቶለታል።

ጉባኤውን ያስተናገደው የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኰሌጅ የሕግ ፋኩልቲ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ትምህርት ቤት ነበር። ታንጋኒካ ነፃነቷን ልትቀበል ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀራት፥ በጥቅምት ወር 1961 ከ15 በማይበልጡ ተማሪዎች፥ የገዢው ፓርቲ በሉሙምባ መንገድ ባዋሰው ሕንፃ ሥራውን ጀመረ። በዚያን ጊዜ ኰሌጁ የሚያስተምረው ሕግን ብቻ ነበር። ጉባኤው ሲሰበሰብም ገና አንድ ተማሪ አላስመረቀም።

ከዚህ አስቀድሞ ስለ አፍሪቃ ሕግ የወደፊት ዕድል ታላቅ ጉባኤ የተደረገው በ1959 መጨረሻና በ1960 መጀመሪያ በሎንዶን ሲሆን፥ ሰብሳቢውም እንግሊዛዊው ዳኛ ሎርድ ዴኒንግ ነበሩ። የዳሬሰላሙን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት የመሩት ግን የታንጋኒካ የፍርድ ሚኒስትር ሼክ አምሪ አቤዲ ናቸው። እኒህ ሰው የስዋሂሊ ባለቅኔ ስለ ነበሩ፥ በ1954 የግጥም አገጣጠም ሕግን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትመዋል። የቅኔን ሕግ የጻፈ ሰው የባላገርን ሕግ ይጻፍ አይጻፍ በሚባልበት ሸንጎ ሊቀ መንበር መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥም ነው። ጉባኤው መስከረም 8 ቀን ተከፍቶ መስከረም 18 ቀን ተፈጸመ፤ በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1955 ጀምሮ መስከረም 7 ቀን 1956 ማለቁ ስለ ሆነ፥ አሮጌውን ዓመት ከአዲሱ አያይዞታል።

በዚያ ዘመን የሕግ ሰዎችን ያስጨነቀው ነገር ይህ ነበር። ልማድ በሽማግሌዎች አፍ እስካለ ድረስ ከሰው ኑሮ ጋር ይለወጣል፤ ነገር ግን ዳኛው ከሌላ አገር የመጣ እንደ ሆነ ሊያውቀው አይችልም። ከተጻፈ ዳኛው ያውቀዋል፤ ነገር ግን በተጻፈበት ቀን እንደ ነበረ ደርቆ ይቀራል። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው።

የታንጋኒካ መንግሥት ግን በዚያው በ1963 ዓ.ም. መልሱን ቈረጠ። የባላባቶች ሹመት ቀረ፤ የአካባቢው ፍርድ ቤቶች ከመንግሥቱ ፍርድ ቤቶች ጋር እንዲዋሐዱ ሕግ ወጣ። ዘርን በአባት የሚቈጥሩት ነገዶች ልማድም፥ ሃንስ ኮሪ የተባሉት በትውልዳቸው ኦስትሪያዊ የሆኑ ተመራማሪ በደከሙበት ጥናት መሠረት፥ በአንድነት ተጽፎ ታወጀ። ከደንቦቹ አንዱ፥ ሟቹ የጎሣ ዘመድ ካለው ሚስቱ ከውርሱ ድርሻ የላትም፥ የሚጦሯት ልጆቿ ናቸው ይላል። ሌላው ደግሞ ሴት ልጅ የጎሣን መሬት በሕይወቷ ሳለች ትጠቀምበት እንደ ሆነ ነው እንጂ እንዳትሸጠው ይከለክላል። ይህን ያሰቡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ያዩትን ጻፉ። ነገር ግን የጻፉት ያዩትን እንጂ ልማዱ ወዴት እንደሚሄድ አልነበረም፤ ስሕተቱ ከዚህ ይመስለናል።

ኢትዮጵያ በሌላ መንገድ ሄዳለች። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3347 ሕጉ ስለሚመለከታቸው ጉዳዮች ቀድሞ የነበረውን ልማድ ሽሯል፤ በውርስም ወንድና ሴት ልጅን አይለይም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲም ይህንኑ ሕግ ለማስተማር የተከፈተው በ1963 ነው። ልማድ በአንድ ቍጥር ሲሻር ግን ሽማግሌው ከዛፍ ጥላ ሥር ተነሥቶ አልሄደም፤ በገጠር ብዙ ነገር የሚያልቀው ዛሬም በእርሱ ፊት ነው።

በታንዛኒያ የተጻፈው ደንብ ዕድሜ ረዘመ። በ1990 ዓ.ም. በምዋንዛ የተቀመጠው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ፥ ከአባቷ በኑዛዜ ያገኘችውን የጎሣ መሬት ስለ ሸጠች የተከሰሰችን ሴት ነገር ሰምቶ፥ ሕገ መንግሥቱ ወንድንና ሴትን አይለይምና ሽያጩ ይጸናል ሲል ፈረደ። ከዚያ በኋላ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሁለት ሴቶች፥ አማቶቻቸው ከነልጆቻቸው ከቤት ስላስወጧቸው፥ ደንቡ እንዲሻር ከፍተኛውን ፍርድ ቤት ለመኑ። ፍርድ ቤቱ በ2006 ደንቡ ሴትን እንደሚያዳላባት አመነ፤ ነገር ግን ልማድ በዳኛ ቃል ሊለወጥ አይችልም ብሎ አልሻረውም። ይግባኙም በ2010 የፍርዱ ጽሑፍ ቀን ስሕተት አለበት ተብሎ ወደቀ። በ2015 ዓ.ም. በሴቶች ላይ የሚደረገውን አድልዎ የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ለሴቶቹ ካሣ እንዲሰጥና ደንቡ እንዲሻሻል ለታንዛኒያ መንግሥት ጻፈ። ባሎቻቸው ሞተው ሴቶቹ ከቤት ከወጡ ያን ጊዜ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።