ለአንድ እንጀራ አሥራ ሁለት ጀሪካን ተኩል

ባሌ፣ ጎባ ላይ ብርዱ ገና ሳይለቅ ምጣዷን የምትሰካ እናት ከሶኬቱ ጀርባ ምን እንዳለ ለማሰብ ጊዜ የላትም። እስቲ እኛ እንቁጠርላት።

የቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። መልካ ዋከና የኃይል ማመንጫ ላይ የዋቤ ሸበሌ ወንዝ ውኃ 300 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ተርባይኑን ይመታል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ማለት 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ያ ሁሉ ውኃ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ የሚሰጠን 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በመንገድ የሚባክነውን ትተን፣ ምጣዱን ለ12 ደቂቃ ያግለዋል። አንዱን እንጀራ በ3 ደቂቃ ብናወጣ አራት እንጀራ መሆኑ ነው። ለአንድ እንጀራ 12 ጀሪካን ተኩል ውኃ፣ ሩብ ቶን፣ ከገደል ይወርዳል ማለት ነው። እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች ሴት ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረው መልካ ዋከና በአራት ተርባይኖቹ 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ፣ በግርድፍ ስሌት በየሰከንዱ ወደ 3,000 ጀሪካን ውኃ ይወርድበታል፤ ወደ 43,700 ምጣዶችም በአንድ ጊዜ ያግላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ግልገል ጊቤ አንድ እስኪመጣ ድረስ በአገሪቱ የሚተካከለው ማመንጫ አልነበረም። ዛሬ የህዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ የመልካ ዋከናን 34 እጥፍ ገደማ ነው። ቢሆንም ከባሌ ተራሮች ውኃ የሚያገኘው የገናሌ ወንዝም ባለ 254 ሜጋ ዋቱን ማመንጫ ገናሌ ዳዋ ሦስትን ይዞ ሲደመር፣ ሁለቱ ወንዞች 407 ሜጋ ዋት ይሰጡናል።

እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን የኃይሉ ትልቅነት አይደለም፤ የተንጠለጠለበት ነገር ትንሽነት ነው።

ኃይሉ ከመልካ ዋከና የሚወጣው በ230,000 ቮልት መስመር ነው፤ ቤታችን ከሚገባው 220 ቮልት ከሺህ እጥፍ በላይ። መስመሩን የተሸከሙት ታወሮች በአማካይ በየ350 ሜትሩ ቢቆሙ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 300 ታወር፣ 1,200 እግር ይቆጠራል። ግድቡ በር ላይ ዘብ አለ። 1,200 እግር ላይ ግን ማን ይቆማል? ከአንዱ ታወር ሥር ቀረብ ብላችሁ ብታዩ፣ እግሩ ከአንግል ብረት ተቀጣጥሎ ጣት በሚያክሉ ብሎኖች የተያያዘ ነው። እነዚህን ብረቶች እየፈቱ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ስለዚህ ስርቆት ደጋግሞ አቤት ብሏል። በፍርፋሪ ዋጋ የሚሸጥ ብረት ነው። ጥቂቱ ሲጎድል ታወሩ ነፋስ የሚጥለው ይሆናል፤ አንዱ ሲወድቅም ሽቦው ጎረቤቱን ይጎትታል። በዚያች ቅጽበት የመስመሩ መቆጣጠሪያ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ኃይሉን ይቆርጣል፤ ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ከተማው ጨልሟል። መልሶ ማቆሙ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል።

ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሜትካፍ በተባለ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በጠመንጃ ተኩሰው 17 ትራንስፎርመሮችን አበላሹ። ትልቅ ትራንስፎርመር ደግሞ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ታዝዞ እስኪሠራ ብዙ ወራት ይወስዳል፤ ለእኛ ደግሞ ባሕር አቋርጦ፣ ዳገት ወጥቶ መድረስ አለበት።

ሌላው አደጋ ተራራው ላይ ነው። ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍ ይላል። ከአምባው ሥር ያለው አስታ፣ በኦሮምኛው ሳቶ፣ ጉሙን በቅጠሉና እንደ ጢም በተንጠለጠለበት የዛፍ ሽበት እየያዘ ያንጠባጥባል፤ ወንዙም በበጋ የሚኖረው በዚህ ቁጠባ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ የባሌና የቦረና ደን ሲነድ ገበሬው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ቅጠልና አካፋ ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካም ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ከተቃጠለ ወይም ከተራቆተ ዳገት ላይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ብቻ ቢታጠብ 1,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያ አፈር ግድቡ ውስጥ ሲተኛ የያዘው ቦታ የውኃ ነበር፤ የ4,000 እንጀራ ውኃ፣ ግድቡ በሞላ ቁጥር።

ስለዚህ ኃይል ማመንጫን መጠበቅ የሚባለው ነገር ከግድቡ አጥር በጣም ርቆ ይጀምራል፤ ከሳነቴ ጉም አንስቶ እስከ ብሎኑ ድረስ። መሰረተ ልማቱን የሚጠብቀው ሰውም ደመወዝ የማይከፈለው ገበሬ ነው፤ ታወሩ ያለው ከማሳው መካከል ነውና።

ታወሩ በቆመበት የባሌ የስንዴ ማሳ፣ ኮምባይነሩ በአጨዳ ጊዜ ከብረቱ አጠገብ ሲደርስ ይጠመዘዝና አራቱን እግሮች ዞሮ ያልፋል። እዚያች ላይ ያልታጨደ ስንዴ ይቀራል። ባለማሳው ማጭዱን ይዞ ገብቶ፣ አጎንብሶ፣ ከታወሩ እግር ሥር ያለውን ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ ለ230,000 ቮልቱ ከማንም በላይ የቀረበው ሰው እሱ ነው፤ የላላ ወይም የጠፋ ብሎን ካለ መጀመሪያ የሚያየውም እሱ ነው።