ወደ ሴሬንጌቲ ለሚሄድ፣ ከሆቴሉ በፊት ወሩ ይመረጥ

ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ዋይልድቢስት፣ 200 ሺህ ያህል የሜዳ አህያና እጅግ ብዙ የሜዳ ፍየል በሰሜን ታንዛንያና በደቡብ ኬንያ ሜዳዎች ላይ ዓመቱን ሙሉ ይዞራሉ። ዋይልድቢስት በሰንቀሌ መጠለያ የሚገኘው የኛው ቆርኬ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ረጅም ፊት፣ ከፍ ያለ ትከሻና ጢም ያለው የሜዳ እንስሳ። ጉዞው መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው ዙር ስለሆነ፣ «ፍልሰቱ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ሊጠየቅ የሚገባው «በዚህ ወር መንጋው የት ነው?» ነው።

መንጋውን የሚመራው ዝናብ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መንጋው በሴሬንጌቲ ደቡብ፣ ንዱቱ በሚባለው አካባቢ ይሰፍራል። እዚያ አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ሣሩ አጭር ቢሆንም ለምታጠባ እናት የሚያስፈልጋት ካልሲየምና ፎስፈረስ አለው። አብዛኞቹ እናቶች በየካቲት አካባቢ፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ይወልዳሉ። ጥጃው በደቂቃዎች ውስጥ ቆሞ ይሄዳል። አንበሳና ጅብ የቻሉትን ይበላሉ፤ በአንድ ጊዜ የተወለደውን ሁሉ ግን ሊጨርሱት አይችሉም። ሜዳው ሲደርቅ መንጋው ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሣል፣ በሰኔ ግሩሜቲ ወንዝ አካባቢ ይደርሳል፤ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ደግሞ በበጋም ውኃ የማያጣው የማራ ወንዝ ግራና ቀኝ ይሰነብታል። በኅዳር ተመልሶ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

ብዙ ሰው የሚሄደው የማራን መሻገሪያ ለማየት ነው። ትዕይንቱ እውነትም ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በአማካይ ከስድስት ሺህ በላይ ዋይልድቢስት በየዓመቱ በዚህ ወንዝ ሰጥመው እንደሚሞቱ አስልቷል፤ ሬሳቸው አዞውን፣ ጥንብ አንሣውንና ዓሣውን ይመግባል፣ አጥንታቸውም ለዓመታት በውኃው ውስጥ እየሟሟ ወንዙን ያዳብራል። ነገር ግን መሻገሪያው ቀጠሮ የለውም። መንጋው ዳር ላይ ለሰዓታት ቆሞ ሊመለስ ይችላል። ለአንድ ሌሊት ብቻ የሄደ ሰው ሳያይ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሌሊት መያዝ ያስፈልጋል። መኪኖች መውረጃውን ሲዘጉ መንጋው ስለሚሸሽ፣ አስጎብኚው ርቀት ጠብቆ የሚቆም መሆኑን ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከማራ ይልቅ የካቲትንና ንዱቱን ቢመርጥ ይሻለዋል፦ መንጋው በሰፊ ሜዳ ላይ ነው፣ ሕይወት ሲጀምርም ይታያል።

የሴሬንጌቲ መንጋ ብዛት ድሮም እንዲሁ የነበረ አይምሰል። በምጽዋ በኩል ከጣልያን ጦር ጋር በመጡ ከብቶች እንደገባ የሚታመነው የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ አመጣ። ከዚያም ወደ ደቡብ ወርዶ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ የማሳይን ከብትና የሴሬንጌቲን ዋይልድቢስት ገደለ። በአካባቢው ያሉ ከብቶች ከተከተቡ በኋላ ነው ዋይልድቢስቱ ያንሰራራው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው በ1977 ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። በሽታው ከምድር መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወጀ። አያቶቻችንን ያስራበው በሽታና የዛሬው የሴሬንጌቲ መንጋ በአንድ ታሪክ የተያያዙ ናቸው።

ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢም ወደ ኪሊማንጃሮም ቀጥታ በረራ አለ። ለማራ ናይሮቢ፣ ለንዱቱ ኪሊማንጃሮና አሩሻ ይቀርባሉ። ከአሩሻ በንጎሮንጎሮ በኩል በመኪና ረጅም የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ በትንሽ አውሮፕላን የሚሄድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ያልበለጠ፣ ለስላሳ ቦርሳ ብቻ ይፈቀድለታል። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን መያዝ አለበት፤ የወባ መከላከያ መድኃኒትም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ይውሰድ። ወጪው ቀላል አይደለም፦ በኬንያ በኩል ባለው የማሳይ ማራ ጥብቅ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የውጭ አገር ጎብኚ መግቢያ ከሐምሌ ጀምሮ ባሉት ወራት በቀን እስከ 200 ዶላር ደርሷል፣ በዓመቱ መጀመሪያ ግን የዚህ ግማሽ ነው። በሚያዝያና በግንቦት መንገዱ ጭቃ ቢሆንም ዋጋ ይቀንሳል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2023 በደቡብ ሱዳን በአውሮፕላን የተካሄደ ቆጠራ ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጋ ቆርኬና ሌላ የሜዳ እንስሳ እንዳለ ገምቷል፤ አብዛኛው ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው፣ ከሰንቀሌው ቆርኬ የተለየ እንስሳ ነው። ግምቱ ልክ ከሆነ ይህ በምድር ላይ ከሚታወቁት የየብስ አጥቢ እንስሳት ፍልሰቶች ሁሉ ይበልጣል፣ ሴሬንጌቲንም ጭምር። ከዚያ መንጋ ከፊሉ በየዓመቱ ድንበር ተሻግሮ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ይገባል። ለጎብኚ የሚሆን መንገድና ማረፊያ ግን እዚያ ገና አልተሟላም፤ ሴሬንጌቲን አይቶ የሚመለስ ሁሉ ጋምቤላም እንዲጠበቅና እንዲጎበኝ ድምፁን ያሰማ።