ሳንቲማችሁ ላይ እንደ እንጨት ያለ መስመር አያችሁ? ሳትሸጡትም ሳታጥቡትም ይህን አንብቡ

ሰሞኑን ከትየርኪዲ አንድ ወጣት ተከታታያችን የሳንቲም ፎቶ ላከልን። ከአያቱ የጨርቅ ቋጠሮ የተገኘች፣ የጃንሆይ ዘመን የመዳብ አምስት ሳንቲም ናት። ፊቷ ላይ ልክ እንደ ጣውላ ጠቆር ቀላ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ተሰልፈዋል። በቴሌግራም ያገኘው «ገዢ» ደግሞ እንዲህ አለው፦ «ይሄ መስመር ያለው በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ 2 ሚሊዮን ብር እከፍልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ለምዝገባ 3,000 ብር ላክ።»

ልጁ ብሩን ከመላኩ በፊት እኛን ጠየቀ። ጥሩ አደረገ። ለእሱ የመለስነውን ለእናንተም እናካፍላችሁ።

መስመሩ ከየት ይመጣል?

ሳንቲም የሚሠራው ከቀለጠ ብረት ነው። የመዳብ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ንጹህ መዳብ አይደለም፤ እንዲጠነክር ትንሽ ቲን ወይም ዚንክ ይገባበታል። ድብልቁ በደንብ ካልተዋሃደ አንዱ ቦታ መዳብ ይበዛል፣ ሌላው ቦታ ያንሳል። ሁለት ዓይነት ዱቄት በደንብ ሳይታሽ የተቦካ ሊጥ አስቡ። ሊጡን በመዳመጫ ስትዘረጉት ያልተዋሃደው ክፍል ተጎትቶ መስመር ይሠራል አይደል? ብረቱም በማሽን ተዳምጦ ስስ ሲሆን እንደዚያው ነው። ከዚያ በክብ ተቆርጦ ይታተማል።

አዲስ እያለ መስመሩ ብዙም ላይታይ ይችላል። ከዓመታት በኋላ አየርና የእጅ ላብ ሲነካው ግን አንዱ ክፍል ቶሎ ይጠቁራል፣ ሌላው ይዘገያል። ያኔ ነው የእንጨት መልክ የሚወጣው። በአሜሪካ የሊንከን አንድ ሳንቲሞች ላይ፣ በተለይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በታተሙት፣ በብዛት ስለሚታይ ሰብሳቢዎች በደንብ ያውቁታል።

እንዴት እንለየው?

የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ብርሃኑን ከጎን ስጡት፤ ከላይ ቀጥታ አታብሩበት። ሳንቲሙን በዳሩ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ካሜራውን ዙም አድርጋችሁ እነዚህን ተመልከቱ፦

1. የእንጨት መስመር፦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ የቀለም ልዩነት ብቻ ነው፤ ጉድጓድም ጉብታም የለውም። በምስሉና በጽሑፉ ላይ ሳይቆረጥ ያልፋል።

2. ጭረት፦ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ብርሃኑን ስታዞሩት ጠርዙ ብልጭ ይላል። አቅጣጫውም የተዘበራረቀ ነው።

3. ልጣጭ፦ ብረቱ ውስጥ ቆሻሻ ወይም አየር ተይዞ ሲቀር ከላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል ወይም ተገንጥሎ ይወድቃል። ይሄም ከፋብሪካ የመጣ ጉድለት ነው።

4. የማተሚያው ስንጥቅ፦ ማተሚያው ራሱ ሲሰነጠቅ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ይወጣል። ጭረት ይሰምጣል፣ ይሄ ግን ይነሳል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

5. አረንጓዴ ዝገት፦ እርጥበትና ጨው የሚያመጣው ነው። ዱቄት እየመሰለ የሚረግፍ ከሆነ ሳንቲሙን እየበላው ነው ማለት ነው፤ ከሌሎቹ ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

ማግኔትም ሞክሩ። መዳብ፣ ነሐስና ብር በማግኔት አይሳቡም። «መዳብ ነው» የተባለው ሳንቲም ከተሳበ ውስጡ ሌላ ብረት ነው።

ታዲያ ሀብታም ያደርጋል?

ቁርጡን እንንገራችሁ፤ መስመሩ ብቻውን አያደርግም። የሚወዱት ሰብሳቢዎች አሉ፣ ትንሽ ጨምረው የሚገዙም አሉ። ሌሎች ደግሞ እንደ ጉድለት ቆጥረው ዋጋ ይቀንሳሉ። የሳንቲም ዋጋ የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፦ ምን ያህል ቀርቷል፣ ምን ያህል ተጠብቋል፣ ስንት ሰው ይፈልገዋል።

የጃንሆይ ሳንቲም ላይ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ የሚል ታያላችሁ። ይሄ ዓመት በኋላ በታተሙትም ላይ ሳይቀየር ስለቆየ ዓመቱ ብቻ «ብርቅ» አያደርገውም። ፊላደልፊያ ውስጥ ሳይቀር በብዛት ታትሟል። ከመዳቦቹ ልብ ብላችሁ ልታዩ የሚገባው 25 ሳንቲሙን ነው። መጀመሪያ ዳሩ ለስላሳ ክብ ነበር። መጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ አጭበርባሪዎች ነጭ እየለበጡ እንደ 50 አሳለፉት። መንግሥትም ዳሩን እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ አደረገው። ስለዚህ ክቡ ከሞገዱ ይልቅ ይፈለጋል። አጭበርባሪ ዛሬ አልጀመረም ማለት ነው!

በጋምቤላ በኩል የሱዳን ሳንቲም ቢያጋጥማችሁም አይግረማችሁ። ከካርቱም የሚነሱ መርከቦች በባሮ ወንዝ እስከ ጋምቤላ ይመላለሱ ነበር፤ የንግድ ጣቢያውም ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ እስክትወጣ ድረስ በሱዳን በኩል ይተዳደር ነበር። ከነፃነት በኋላ የወጡት የሱዳን ሳንቲሞች በግመል የሚጓዝ ፖስተኛ አለባቸው።

እባካችሁ አትጠቡት!

ሎሚ፣ አመድ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኮካ፣ የብረት ድስት መፈግፈጊያ፣ ሁሉም ይቅርባችሁ። ሳንቲሙ ያብረቀርቃል፣ ግን በዘመናት የያዘው ቆዳ ይገፈፋል። ሰብሳቢ የታጠበን ሳንቲም በአንድ እይታ ያውቀዋል፣ ዋጋውንም ይቆርጣል። የእንጨት መስመሩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የጋምቤላ ሙቀትና የክረምቱ እርጥበት ለመዳብ ጥሩ ስላልሆነ እያንዳንዱን በደረቅ ወረቀት ለየብቻ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ብዙ ዓመት ከቆየ አረንጓዴ ሊያወጣ ይችላል።

ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ጥንታዊ ሳንቲም፣ ለምሳሌ የአክሱም፣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም ክልክል ነው። በአካባቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ንገሩ።

የማጭበርበር ምልክቶች

እውነተኛ ገዢ ገንዘብ ይሰጣችኋል እንጂ አይቀበላችሁም። «ለምዝገባ»፣ «ለምርመራ»፣ «ለጉምሩክ» አስቀድሞ ብር የጠየቀ ሰው ገዢ አይደለም። በስልክ የሚደርሳችሁን የማረጋገጫ ቁጥርና የባንክ ፒን ለማንም አትስጡ። መታወቂያችሁን፣ ስደተኛ ከሆናችሁም የስደተኛ ካርዳችሁን ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ። ሳንቲሙን ለማያውቁት ሰው «አይቼ ልመልስ» ብሎ አሳልፎ መስጠትም የለም።

የትየርኪዲው ልጅስ? ፎቶውን አጉልተን ስናየው መስመሮቹ በአንበሳው ላይ ሳይቆረጡ ያልፋሉ፤ የእንጨት መስመር ይመስላሉ። ሳንቲሟ ሚሊዮን አታወጣም፣ ግን እውነተኛና የምታምር ናት። ለ«ገዢው» ምን ብሎ እንደጻፈለት ታውቃላችሁ? «3,000ውን ከ2 ሚሊዮኑ ላይ ቀንሰህ ላክልኝ።» ሰውየው ወዲያው ብሎክ አደረገው።

ሳንቲሟ ወደ አያቱ ቋጠሮ ተመልሳለች፤ አሁን ግን በወረቀት ተጠቅልላ ነው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ካለ፣ ወይ ሳንቲም ሊሸጥ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ፣ ብሩን ከመላኩ በፊት ይህን አሳዩት።