«ጀርም» ስንል የትኛውን ነው?

እህቴ ከአሜሪካ ከላከችው ዕቃ መካከል አንድ ከረጢት ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በላዩ የተጻፈውን እንግሊዝኛ አነበበችና «እማማ፣ እንዳትበይው! የስንዴ ጀርም ነው የሚለው!» ብላ ከአያቷ እጅ ነጠቀቻት። ሁላችንም ሳቅን። ልጅቷ ግን ምን ታድርግ? በቤታችን ጀርም ማለት እጁን ያልታጠበ ሰው ሆዱን የሚታመምበት ነገር ነው።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ ቡቃያ ነው። የስንዴ ጀርም የሚባለውም ፍሬው ሲዘራ የምትበቅለው ትንሿ ክፍል ናት፤ ዘይትና ቫይታሚን ኢ በብዛት አላት። ይህን ስነግራት እናቴ «ታዲያ ብቅል ሲጎነቁል ብቅ የምትለዋ ናታ!» አለች። እውነቷን ነው።

ቃሉ ወደ ሕክምና የገባው «የበሽታ ዘር» ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ዛሬ ግን በዚህ አንድ ስም ብዙ ዓይነት ተህዋስያንን እንጠራለን። ሳንባ ነቀርሳ ከባክቴሪያ፣ ጉንፋን ከቫይረስ፣ ጭርት ከፈንገስ ይመጣሉ፤ አሜባና ጃርዲያ ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በዚያው ሳምንት ልጄን ጉንፋን ያዛት። እናቴ፣ ሲሻላት አቋርጣ ያስቀመጠችውን የአሞክሳሲሊን እንክብል ከመሳቢያ አወጣች። «ጀርም ይገድላል ተብሎ የለም?» አለችኝ።

ይገድላል፤ ባክቴሪያን። የጉንፋንን ቫይረስ ግን አይነካውም። ለአዋቂ የታዘዘ መጠንም ለሕፃን አይሆንም። በዚያ ላይ አንቲባዮቲክን ያለ ቦታው መውሰድ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል፤ የምር ያስፈለገ ዕለት አልሠራም ይላል።

እናቴ እንክብሉን መለሰችው። ልጄም በዕረፍት፣ በሞቅ ያለ ሾርባና በብዙ ፈሳሽ በሳምንቷ ዳነች። ትንፋሿ ቢፈጥን ወይም ትኩሳቱ አልወርድ ቢላት ኖሮ ግን ቦታዋ ጤና ጣቢያ ነበር።

ሁሉም ተህዋስያን ጠላት አይደሉም፤ የእንጀራችንን ሊጥ የሚያቦኩት የእርሾ ተህዋስያን ናቸው። ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ «ጀርም ነው» ሲባሉ «የትኛው?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከረጢቱስ? እናቴ ከዱቄት ጋር ቀላቅላ ቂጣ ጋገረችው። ጀርሙን ቀድማ የቀመሰችው ልጄ ናት።